አብሮ አደጌ የዘለለችው ገጽ

በደብረ ታቦር ከተማ በጥል ጌም የታወቅሁ ሴት ነበርኩ ብል የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ እኔም ስጽፈው እየሳቅሁ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የልብስ መስፊያ መኪና ላይ የተቀመጥኩ ሴት፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ጆይስቲክ ይዤ ስፋለም ማየት ለብዙ ሰው ትርኢት ነበር። አንዳንዱ ለመጫወት ሳይሆን እኔን ለማየት ይገባ ነበር።

ጌም ቤቱ የአብሮ አደጌ ነው። አብሮ አደጌ ስል እንዲያው አንድ ሰፈር ያደግን ማለቴ አይደለም። በአንድ ነጠላ ተጠቅልለን ዝናብ ያሳለፍን፣ አንዳችን ስትገረፍ ሌላችን የምናለቅስ ነበርን። ገና ልጆች ሳለን «የመጀመሪያ ልጅሽን ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ» ተባብለን ተማምለናል። እኔ ደግሞ እህት የለኝም። ክርስትና ያነሳች ሴት ለልጁ ሁለተኛ እናት ናት፤ ለእናቲቱም አበልጅ ትሆናለች። አበልጅነት በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዝምድና አያንስም፤ አይጋቡበትም፣ አይካካዱበትም። ስለዚህ ያንን ቃል እሷ እንደ ልጅነት ጨዋታ አይታው እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ግን እንደ ጨዋታ ይዤው አላውቅም።

እሷ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አገባች። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከተማው በተማሪ ሲሞላ፣ ከአማቷ ግቢ ወደ መንገድ የምትወጣውን ክፍል ጌም ቤት አደረገቻት። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ማጫወቻ፣ ከጣውላ የተመቱ አግዳሚ ወንበሮች። ስዕሉ ጎልቶ እንዲታይ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋረደ። መጋረጃውን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። የእኔ ስፌት ቤት ከጎኗ ስለነበረች፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብቅ እል ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪ የሚገጥመው አጥቶ ሲቁነጠነጥ «እስቲ ለዚህ ልጅ ተቀመጪለት» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በሁለት ወር ውስጥ የሚያሸንፈኝ ጠፋ። ጣቴ የለመደው መርፌ ነው፤ መርፌ የለመደ ጣት አይሳሳትም። የእንግሊዝኛ ቃላቱንም ከጌሙ ላይ እየገለበጥኩ፣ ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከርኩ አጠናኋቸው። ደብዳቤ ባልጽፍበትም፣ «ጀምር»፣ «ቀጥል»፣ «ውጣ» የሚለውን ማንም አያታልለኝም ነበር።

የጥል ጌሙ የመጨረሻ ምት አለችው። ተጋጣሚህን ልትጥል ስትል ሦስት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ትጫናለህ፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ በሙሉ ነጭና ቀይ እየሆነ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ተማሪዎቹ «መብረቁን ልቀቂበት!» ይሉኛል። እኔም መልቀቅ እወድ ነበር።

መጀመሪያ የወደቅሁት መብረቁን በለቀቅሁ በዚያው ቅጽበት ነው። የወደቅሁ ሰው ስለሆንኩ የማውቀው የነገሩኝን ነው። ዓይኔ ተገለበጠ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ እጅና እግሬ ተንቀጠቀጠ አሉኝ። ስነቃ ምላሴ ቆስሏል፤ አፍንጫዬ በክብሪት ጭስ ተሞልቷል። እኛ ጋ ሰው እንዲህ ሲወድቅ ክብሪት እየጫሩ ማስሸተት ነው፤ ሌላ የሚደረግለት ነገር የለም። ተማሪውም፣ አማቷም፣ እሷም እየተቀባበሉ ሲጭሩ አንድ ፓኬት ጨርሰዋል። ክብሪቱን ሁሉም አስታወሰ። ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ግን ማንም አላስታወሰም። እኔ መሬት ላይ ተዘርሬ፣ እሱ ከላዬ ብልጭ ድርግም ይል ነበር አሉ።

እንግዲህ ወሬው አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። «ድሏ ጣላት» ብለው ተማሪዎቹ ቀለዱ። ሰፈሩ ግን አልቀለደም። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት እሳት አጠገብ አትቆምም፣ ሕፃን አይሰጧትም፤ ሰው እንደ ድሮው ይስምሻል፣ ሲስምሽ ግን ትንፋሹን ይይዛል። እኔም ፈራሁና ከጌም ቤቱ ራቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ እሷ ራሷ ስፌት ቤቴ መጣች። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ገና መውጣቱ ነው። ልጆቹ አንቺን እየጠየቁ ነው፣ ከእነሱ መሃል ዛሬ ከባሕር ዳር የመጣ ጎበዝ አለ፣ ድካም ይሆናል የጣለሽ እንጂ ሌላ አይደለም አለችኝ። እጄን ይዛ አስገባችኝና ጆይስቲኩን ራሷ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለተኛ ወደቅሁ። ሦስተኛው በዐቢይ ጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ፣ ሌሊቱን ለፋሲካ የታዘዘ ልብስ ስሰፋ አድሬ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ማንንም አልጠየቀችም። ጓዜን ጠቅልላ ወደ ጣራ ገዳም በኩል ካለ ጠበል ወሰደችኝ፤ ሁለት ሱባኤ ተጠመቅሁ። አስራ አራት ቀን አንድም ጊዜ አልወደቅሁም። እናቴ በደስታ ታለቅሳለች። እኔ ግን ሰይጣን ከወጣ አይጮህም እንዴ እያልኩ የሌሎቹን ጩኸት አዳምጣለሁ፤ ከእኔ ምንም የሚጮህ አልወጣም።

እዚያ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ነበሩ። ለመሰናበት መስቀል ስሳለም ያዝ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስንት ጊዜ ነው የጣለሽ?»

«ሦስት ጊዜ፣ አባ።»

«የት የት?»

ጌም ቤት ማለት አፍሬ «አንድ ቤት ውስጥ» አልኳቸው።

«ሦስቱንም? ገበያ ላይ ጥሎሽ አያውቅም?»

«አያውቅም፣ አባ።»

«ቅዳሴ ላይስ? ውሃ ስትቀጂስ?»

«የለም።»

ጢማቸውን ሲነካኩ ቆዩና «ይህ ሰይጣን አድራሻ አለው እንዴ?» አሉ። ሳቄን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ጠበሉ አይጎዳሽም፣ የሚጥልሽን ነገር ግን እዚያው ቤት ውስጥ ፈልጊው፣ ሐኪምም ጠይቂ ብለው መርቀው ሸኙኝ።

ስመለስ አብሮ አደጌ ሴት ልጅ ተገላግላ አራስ ቤት ገብታለች። ባሏ ሹፌር ስለሆነ ከተማ አይውልም፤ ጌም ቤቱን የሚከፍት አልነበረምና «አትጫወቺም፣ ቁጭ ብለሽ ብቻ ጠብቂልኝ» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት ተማሪው ክፍል ሲገባ ቤቱ ባዶ ነው። የመነኩሴው ነገር እየቆረቆረኝ ቤቱን መመርመር ጀመርኩ። ወንበሩን ገለበጥኩ፣ ምንጣፉን አነሳሁ። አላፍርበትም፤ ድግምት የተቀበረ መስሎኝ የጥግ አፈር ሁሉ ጭሬያለሁ።

ከዚያ ማጫወቻውን ከፈትኩት። ጌሙ ሲጀምር፣ መጀመሪያ በጥቁር ላይ በነጭ የተጻፈ ረዥም ጽሑፍ ይመጣል። እሷ ሁልጊዜ ወጥቶ ሳያበቃ በአውራ ጣቷ ታሳልፈዋለች። አንድ ጊዜ ምን እንደሚል ጠይቄያት «የፈረንጅ ውዳሴ ማርያም ነው፣ ማን ያነበዋል» ብላ አስቃኝ ነበር። ካልተጫኑት ግን አይሄድም። ደብተሬን አምጥቼ እንደ ጥልፍ አንድ በአንድ ገለበጥኩት። አራት ጠዋት ፈጀብኝ። መዝገበ ቃላቴ አንዳንዱን ቃል አያውቀውም፣ አንዳንዱን ይሳሳተዋል፤ ግን «ብርሃን» አለ፣ «ብልጭታ» አለ፣ «ራስን መሳት» አለ፣ «መንቀጥቀጥ» አለ። በመጨረሻ የተረፈኝ ይህ ነበር፤ ጥቂት ሰዎች እንዲህ ያለ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሲያዩ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ከዚህ በፊት ወድቀው የማያውቁም እንኳ፤ ይህ የደረሰበት ሰው ወዲያው ያቁም፣ ሐኪም ያማክር።

እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማላውቀው፣ አገሩን የማላውቀው ሰው፣ እኔን የመሰለች ሴት እንዳለች አስቦ ይህን ጽፎ አስቀምጧል። ቀጥዬ ማስተካከያ የሚባለውን ገጽ ከፈትኩ። ከታች «ብልጭታ ቀንስ» የሚል መስመር አለ። ጠፍቶ ነበር። አበራሁትና በጨርቅ እንደሚያዝ ትኩስ ድስት ፊቴን አዙሬ፣ በጎን እያየሁ መብረቁን ለቀቅሁት። ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። አለቀ። ይኸው ነው።

ደብተሬን ይዤ ወደ አራስ ቤት ሮጥኩ። ሕፃኗን እያጠባች ነበር። እኔ አይደለሁም እኮ እታለም፣ ብርሃኑ ነው፣ እያልኩ አነበብኩላት። ክርስትናውን እኔ እንዳላነሳ ማጉረምረም የጀመሩትን አማቷንም አሁን እናሳምናቸዋለን አልኳት። የጠበቅሁት ከአልጋው ዘላ እንድታቅፈኝ ነበር። እሷ የሕፃኗን ፎጣ አስተካከለች፤ ሁለተኛም አስተካከለችው።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ብርሃኑ እንደሆነ። ማጫወቻዎቹን ከባሕር ዳር አምጥቶ የገጠመልኝ ሰውዬ ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ የወደቅሽ ሰሞን። ደውዬ ጠይቄው።»

መጀመሪያ የወደቅሁ ሰሞን ማለት፣ እጄን ይዛ ዳግመኛ ከማስገባቷ በፊት ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ገና እህል ሳልቀምስ «ኧረ አንድ ዙር ብቻ» ያለችኝ እያወቀች ነው። እናቴ ባዶ እግሯን ጠበል ስትወስደኝ፣ እሷ ከበሯ ቆማ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ያለችኝም እያወቀች ነው።

ማስተካከያውንስ? ብዬ ጠየቅኋት። እሱንም ነግሯት ነበር። ብልጭታው ከተቀነሰ ጌሙ ይፈዛል፣ ልጆቹ ሌላ ቤት ይሄዱብኛል ብላ ተወችው። ለምን ቢያንስ ለእኔ አልነገርሽኝም ስላት፣ ሕፃኗን እያየች መለሰችልኝ፤

«ብነግርሽ ለእናትሽ ትነግሪያለሽ። የጌም ቤቷ መብራት ሰው ይጥላል ከተባለ በማግስቱ ያዘጉኛል። ለአንቺ እንደሆነ ጠበሉ ይበቃሻል ብዬ ነው።»

ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከሰማንያው ቀን በፊት ለአማቴ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ፣ ልጄን የምታነሻት አንቺ ነሽ አለችኝ። አመንኳት። ሠላሳ ዓመት ያመኑትን ሰው በአንድ ከሰዓት መካድ እንዴት ይቻላል?

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ መጋረጃውን ከመስኮቱ አወረድኩ፤ በሦስቱም ማጫወቻ ላይ ብልጭታውን ቀነስኩ። ተማሪዎቹ አንድ ቀን «ምን ነካው ይሄ ነገር?» አሉ። ምን እንደነካው ነገርኳቸው። አንዱም ወደ ሌላ ቤት አልሄደም። እንዲያውም አንደኛው፣ ሁሌ ከጨዋታ በኋላ ራሱን ይዞ የሚወጣው፣ ከዚያ ወዲያ ራሱን መያዝ ተወ።

ሁለተኛው ነገር፣ ሆስፒታል ሄድኩ። ያየችኝ ነርስ ደብተሬን አንብባ «ይህን አንቺ ነሽ የተረጎምሽው?» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። በሽታው ጨርሶ የለብሽም አልልሽም፣ ግን የሚቀሰቅሰው ብርሃኑ ነው አለችኝ። ከስክሪን ራቅ በዪ፣ ክፍሉ ብርሃን ይኑረው፣ በባዶ ሆድና እንቅልፍ አጥተሽ አትቀመጪ፣ ብልጭታ ድንገት ከመጣብሽ አንድ ዓይንሽን በመዳፍሽ ሸፍኚና ፊትሽን አዙሪ። ክብሪቱን ደግሞ ተዉት፤ ሰው ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ ራሱን እንዳይመታ ደግፉት አለች። ሁሉንም በወረቀት አጻፍኳት፤ ማኅተም አስመታሁበት። ለእኛ አገር ሰው ያለ ማኅተም ምን ይነገረዋል?

የሕፃኗ ሰማንያ ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ወረቀቱንም ደብተሩንም፣ የሰፋሁትን የክርስትና ቀሚስም ይዤ ሄድኩ። ቀሚሱን በነጭ ክር፣ ከታች በኩል ትንንሽ መስቀል ጠልፌበታለሁ። ለብልጭታው ገጽ አራት ጠዋት ከፈጀብኝ፣ ለቀሚሱ አስራ አንድ ፈጅቶብኛል።

አማቷ ክፉ ሴት አልነበሩም። የእሳቸው ጭንቀት እንዲህ ነው፤ ክርስትና እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ፣ በሕፃኗ ፈንታ «እክህደከ ሰይጣን» ትላለች። ሰይጣንን እክድሃለሁ የምትል ሴት ራሷን እዚያው ቢጥላትስ? ሕፃኗስ ከእጇ ብትወድቅስ? እኔ ያንን ቃል ስፌት ላይ ሆኜ ደጋግሜ ስለማመደው ከርሜያለሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል ምንም የለም፣ እትዬ፣ አልኳቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ማንበብ አይችሉም። ሊያምኑኝ ምንም ያህል አልቀራቸውም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ቤቱም ያንቺ ነው። እንዲህ የሚል ነገር አለ እንዴ?»

አብሮ አደጌ አየችኝ። ዓይኗን አልሰበረችም፤ የሚገርመኝ እሱ ነው። ከዚያ ወደ አማቷ ተመለሰች።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም» አለች።

ውሸት ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አንዱ ምክንያት ነውር ነው፤ አራስ በአማቷ ፊት አይጋለጥም። ሌላው ግን፣ ስትናገረው ድምጿ ልክ ልጆች ሳለን «አልሰረቅንም» ብላ ለሁለታችን የምትዋሽበት ድምፅ ነበር። ያኔ እኔን ለማዳን ነው የምትዋሽልኝ። እኔም ከለመድኩት የተነሳ ዝም አልኩ።

አማቷ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። አትቀየሚን ልጄ፣ ሕፃን ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርሽ አሉኝ። ቀሚሱን ግን ተቀበሉኝ፤ ስፌቱንም አደነቁ።

በሰማንያኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ እግሬ ወሰደኝ። ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ሕፃኗን ያነሳቻት የባሏ እህት ናት፤ ከሐሙሲት ከተማ በዋዜማው የመጣች፣ ሕፃኗን ከዚያ ቀን በፊት አይታት የማታውቅ። ቃሉን አልያዘችውም፤ ቄሱ አንድ በአንድ ሲሏት ትደግማለች፣ በመሃል ትደናቀፋለች። እኔ ከኋላ በልቤ እቀድማታለሁ። ስትጨርስ ሕፃኗን አለበሷት፤ የለበሰችው የእኔን ቀሚስ ነው። ልክክ ብሎባታል።

ግብዣው ላይ ግን አልተገኘሁም። በሳምንቱ አብሮ አደጌ ስፌት ቤቴ መጣች። በሰፌድ ከግብዣው የተረፈ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ተማሪዎቹ ናፍቀውሻል፣ ቁልፉን ያዢልኝ፣ እኔ ገና አልጠነከርኩም አለች። ብልጭታውን እንዳልነካካችው፣ እኔ እንዳደረግሁት እንደተወችውም ነገረችኝ። ይህን ስትለኝ ልክ ስጦታ እንደሰጠችኝ ነበር። ከዚያ ዳቦውን እየቆረሰች፣

«እንኪ፣ አበልጄ» አለችኝ።

ዳቦ አይመለስምና ተቀበልኳት። መስፊያዬን አቆምኩ።

«አበልጅሽ ሐሙሲት ናት» አልኳት። «እኔን በስሜ ጥሪኝ።»

ያን ቀን እንኳ «አጠፋሁ» ብትለኝ፣ ለእኔ ብቻ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ልቤ ይመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ግን «ምነው ከበድሽ» ብላ ሰፌዷን አንስታ ወጣች። ቁልፉን አልያዝኩም።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ነርሷ እንዳለችው እየተጠነቀቅሁ ስለምኖር ወድቄ አላውቅም፤ ሰርግ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን የጭፈራ መብራት ስታይ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና የምትወጣ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። ሰፈሩ ግን ያንን አይቆጥርልኝም። አሁንም ሕፃን ሊያሳዩኝ የሚያመጡ እናቶች ያሳዩኛል እንጂ አያሳቅፉኝም።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች። መንገድ ላይ ካገኘችኝ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ትስማለች፤ ዕድገቷን በእጄ ለክቼ እስማታለሁ። እናቷ ከኋላዋ ደርሳ ትቆማለች። «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» ትለኛለች። «ዘገየ» እላታለሁ። ከዚያ ልጇን በእጇ ይዛ ትሄዳለች።